ቂም ሳይሆን እልህ

ጸሐፊዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ችሎት ውስጥ የሰው ቃል ስትጽፍ ኖራለች። ተከሳሽ ሲንተባተብ መንተባተቡን፣ ምስክር ሲሳደብ ስድቡን፣ አንዲት ቃል ጠብ ሳታደርግ።

የዚያን ቀን የቀረበው አናጺ ነበር። ለአንድ ነጋዴ የሠራውን በር በመጥረቢያ ፈልጦታል። ነጋዴው በእንግዶቹ ፊት በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «የዶሮ ቤት በር ይመስላል» ብሎ አሳቀበትና።

«ከሰውየው ጋር ቂም ነበራችሁ?» አሉ ዳኛው።

«ኧረ ምንም የለንም ጌታዬ። እልህ ነው። እልህ ያዘኝ።»

እንዳለው ጻፈች። ዳኛው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና፣ «ቂም ብለሽ ጻፊው» አሏት፤ «ሁለቱም ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ቂም ከተባለ አስቦበት አደረገ ማለት ነው፤ ቅጣቱም ይከብዳል።

«ክቡር ዳኛ፣ እሱ ያለው...» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ እንጂ መዝገበ ቃላት አይደለሽም።»

ችሎቱ አውካካ። ፊቷ ፍም መሰለ። ቃሉን ሰረዘችው።

ማታ ቤቷ ስትገባ እናቷ ቀሚስ እየጣፉ ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማ፣ እልህ የሚባለው ቃል ከምን መጣ?» አለቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ። አባትሽ ግን ‹እንዲህ እልህ ነበር› ከሚለው ነው ይል ነበር። አፍ ላይ ደርሶ ሳይወጣ የቀረ ነገር። የእውነቱን ይሁን ቀልዱን እንጃ። መቼም ቂም ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ እልህ ጉሮሮ ላይ ነው የሚሰነቀረው። ምነው፣ ማን ነካሽ?»

«ማንም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ መዝገቡን ስትገለብጥ «እልህ» ብላ መለሰችው። ዳኛው በቀይ ሰረዙት። ደግማ ተየበች፤ ደግመው ሰረዙ። በሦስተኛው ቢሯቸው አስጠሯት።

«ልጄ፣ ለአንዲት ቃል ብለሽ እንጀራሽን ልትዘጊ ነው?» አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቃሏ የእኔ አይደለችም ጌታዬ። የሰውየው ናት።»

በሳምንቱ በቦታዋ ሌላ ጸሐፊ ተተካ። አናጺው ቂመኛ ተብሎ ዘጠኝ ወር ተፈረደበት። እሷም ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛውራ አቧራ ሲያስነጥሳት ይውላል። አቤቱታ አስገባች፤ «ይታያል» ተባለች፤ ያየው የለም።

አንድ ቀን የአናጺው ሚስት ለይግባኝ ግልባጭ ልትወስድ መጣች። መስኮቱ ጋ ቆማ አነበበችና፣ «ባሌ እንዲህ አላለም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ እህቴ» አለቻት ጸሐፊዋ። ወረቀቱን ተቀብላ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» የሚለውን ማህተም መታችበት።