የመጋቢት ሃያ ሰባት ውሃ

ሌሊሴ ያደሳን ቀራንዮ ውስጥ የማያውቃት ውሻ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየግቢው እየገባች የውሃ ቆጣሪ ስታነብ ኖራለችና ውሻው ሲያያት ይጮኻል፣ እሷም መልሳ ትጮኽበታለች። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን ጡረታ አልወጣም። ከታክሲ ረዳት ጋር ሳትጣላ ፌርማታዋ የደረሰችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ የውሃ አባት ሆና የተሾመችው! ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ፣ ተወልዳ ያደገችበት ወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ፣ ዐሥራ ሁለት ገበሬዎች ባንዲት ምንጭ ያለማሉ። ምንጯ ኩሬ ትሞላለች፣ ኩሬው በተራ ይከፈታል፣ ተራውን የሚያስጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አባቷ ኦቦ ያደሳ ሠላሳ ዓመት አስጠብቀውታል። ያኔ ኩሬው ባንድ ሌሊት ግጥም ይል ነበር። አሁን በልጉ እየቀረ፣ ክረምቱም ዘግይቶ እየገባ ቸኩሎ እየወጣ፣ ኩሬው ለመሙላት ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

ሽማግሌው ሲሞቱ ተራ የሚባል ነገር አብሯቸው ተቀበረ። ጉልበተኛው ከፈተ፣ ደካማው ቆሞ አየ። ዱባለ የሚባለው ገበሬ በአካፋ ተፈንክቶ ከተሰፋ በኋላ ነው፣ "ያቺ ቆጣሪ የምታነበው የያደሳ ልጅ አለች አይደል?" ተብሎ ሌሊሴ የተጠራችው። ማንም ወዷት አልነበረም። ሴት ናት፣ ከተሜ ናት፣ ዐመለኛ ናት። እሷም ወዳቸው አልሄደችም፤ ከአባቷ የወረሰችው ቁራሽ መሬት ላይ ጥቅል ጎመን ተክላ ስለነበር ነው።

ሕጉን በካርቶን ላይ ጻፈችው። ስም በስም፣ ቀን በቀን፣ እሁድ ሲቀር። ባለ ተራው እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣ ውሃው ለሚቀጥለው ሰው ይለቀቃል። ያመለጠው ሰው ደግሞ ተራው ዞሮ እስኪደርሰው ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። "በእናትሽ" የለ፣ "ለዛሬ ብቻ" የለ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ካርቶኑ ሠርቷል፤ ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልተፈነከተም። ግን ማንም ደህና ዋልሽ አላላትም።

መጋቢት ሃያ አራት ቀን ዱባለ ኩሬው ዳር ጠብቆ ያዛት።

"ተራዬ መድኃኔዓለም ላይ ዋለ።"

"እና?"

"እናማ በዓመቱ መድኃኔዓለም ዶማ አልጨብጥም! አባቴም አልጨበጠ፣ አያቴም አልጨበጠ። በማግስቱ አድርጊልኝ።"

"ተራ ተራ ነው። ላንተ ካዞርኩ ዐሥራ አንዱ ነገ ደጄ ላይ ናቸው።"

"ድንቼ አበባ ላይ ነው፣ ሌሊሴ! ይሄን ውሃ ካላገኘ ከሥሩ የምለቅመው ጠጠር ነው። ዘሬም ቀለቤም እሱ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?"

"ቦሩን ለምነው፤ ከአንተ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ይለውጥህ።"

"ለምኜዋለሁ። የቦሩ ሽንኩርት ጠውልጓል፤ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ብቻ ነው የሚጠብቀው።" ዱባለ ፊቱ ቀላ። "እሁድን ስትዘይ ማን ለመነሽ? እሁድ ያንቺ ነው፣ ቸርች ትሄጃለሽ። የኛ ቀን ሲሆን ካርቶኑ አይታጠፍም! ሆን ብለሽ ነው።"

እሱ ነገር ልቧን ወጋት። ሆን ብላ አልነበረም፤ ጭራሽ ትዝም አላላት። ሆኖም ሌሊሴ ረስቼ ነው ከምትል ምላሷን ብትቆርጥ ይቀላታል።

"ዓይንህን ላፈር!" አለችው። "ውሃ ሃይማኖት የለውም። ካልመጣህ ቦሩ ይከፍተዋል!"

ሦስት ቀን ቂሟን ስታመነዥክ ሰነበተች። በሃያ ሰባት ጠዋት ቀራንዮ ነጭ በነጭ ሆነ፤ የመድኃኔዓለም መንገድ በሰው ተጨናንቆ ታክሲ አያሳልፍም። ሌሊሴ የግቢዋ በር ላይ ቆማ መንገደኛውን ታማርራለች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጎረቤቷ እማማ አልማዜ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ባለቤታቸው አቶ መዝገቡ በሕይወት ሳሉ አትክልት ነጋዴ ነበሩ፤ ጎመኑን ከተራራው ላይ ከኦቦ ያደሳ እጅ ነበር የሚረከቡት። አሮጊቷ ደክሟቸው ደፉ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ፣ ሌሊሴ በሯን የምትቀረቅርበትን ዱላ ተደገፉ።

"ውይ! ይቺ የያደሳ ዱላ አሁንም አለች?"

"ምን ትሆናለች? በር ትዘጋለች።"

"በር?" እማማ አልማዜ ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ጭረት አለው፤ አምስቱ በጋለ ብረት ተተኩሰው ጠቁረዋል። ሌሊሴ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጌጥ ነው፣ ለእሷ። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ። "ይሄ ሚካኤል። ይሄ ገብርኤል። ይሄ ማርያም። ይሄ... ይሄ የዛሬው ነው። ይሄኛው ባለ ወልድ።"

"ምን እያሉ ነው እማማ?"

"አባትሽ ጴንጤ አልነበሩ? ቀኑን አያውቁትማ! የኔው መዝገቡ ነው የነገራቸው፤ እሳቸው ብረት አግለው ተኮሱት። የጠቆረ ቀን ኩሬው አይከፈትም፣ ተራውም ባንድ ቀን ይገፋል። ሠላሳ ዓመት ማንም ከማንም አልተጣላም። አንቺስ በምንድን ነው የምትቆጥሪው?"

በካርቶን ነዋ! ቆጣሪ ሁሉ ማንበብ የምትችል ሴት፣ አባቷ የተዉላትን ዱላ ሳታነበው በር ስትዘጋበት ኖራለች። ስልኳን አውጥታ ቦሩ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ውሃ ሊለቅ የተዘጋጀ ሰው ምን ሲል ያነሳል? ዱላውን ከአሮጊቷ ጉልበት ላይ መንጭቃ ወጣች፤ ይቅርታም አላለች።

መንገዱ ቀለል ሲል ያገኘችው ታክሲ ዓለም ባንክ እስኪደርስ ሾፌሩን ሁለቴ፣ ረዳቱን አራቴ ሰደበቻቸው። ከዚያ በእግሯ ዳገቱን ወጣች፤ በስድሳ አራት ዓመቷ፣ እያለከለከች። ስትደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ቦሩ የኩሬውን መወተፊያ ግንድ ነቅሎታል። ያ ግንድ አንዴ ከተነቀለ ኩሬው ባዶ እስኪሆን ተመልሶ አይገባም፤ ስለዚህ ለነገ ማቆየት የሚባል ነገር የለም። ውሃው በቦዩ እየተጠማዘዘ ወደ ቦሩ ሽንኩርት ይወርዳል።

ሌሊሴ ከቦዩ ዳር የቆመውን ዶማ አነሳችና የዱባለን ማሳ የውሃ መግቢያ ናደችው።

"እትዬ ሌሊሴ! ምን እያደረጉ ነው?" ቦሩ አካፋውን ይዞ መጣ። "ስድስት ሰዓት አልፏል! የራስዎ ሕግ ነው!"

"ሕጉ ተሳስቷል።"

"አሁን ነው የሚሳሳተው? እኔ ጋ ሲደርስ?"

እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል። ሌሊሴ ዳገቱን ቁልቁል ጎመኗን አየች፤ ቅጠሉ በፀሐይ ተጠቅልሎ ውሃ ይጠብቃል።

"የእኔን ተራ ውሰድ። ሙሉውን።"

"ጎመንዎስ?"

"ጎመኔን ምን አገባህ! ትወስዳለህ አትወስድም?"

ቦሩ ምራቁን ተፋና አካፋውን ዝቅ አደረገ። ውሃው ወደ ዱባለ ማሳ ታጠፈ።

ግማሹን መደብ እንዳጠጣች ዱባለ ከመድኃኔዓለም ተመለሰ። ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። መሬቱ ላይ ዶማ የያዘች ሴት ሲያይ በድንጋጤ አማተበ፤ ማን እንደሆነች ሲያይ ደግሞ ጮኸ።

"በስመ አብ! በዚህ ቀን? በመድኃኔዓለም ቀን መሬቴን በዶማ? መልሺው!"

"አልመልስም!"

"መልሺው ብያለሁ!"

"ዶማው ይኸው፣ ራስህ መልሰው!" ወረወረችለት። እግሩ ሥር ወደቀ።

ዱባለ እጁን ዘረጋ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው። ያንን ውሃ ለማስቆም ዶማ ማንሳት አለበት፣ ዛሬ ደግሞ ዶማ አያነሳም። እንደዚያ ሰው ሲናደድ ተራራው አይቶ አያውቅም። ሌሊሴ ዶማውን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰደባት፤ መናፍቅ አላት፣ ጅብ አላት፣ ሰው የሌላት ለፍላፊ አላት። እሷም ጭቃው ውስጥ ቆማ ቃል በቃል መለሰችለት።

መጨረሻ ላይ ዱላውን ከመሬት አንስታ ፊቱ ላይ ወዘወዘችው።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ! ሰማህ? እሱን ነው የምትፈልገው? አባቴ ቀናችሁን አንድ በአንድ ተኩሶ አስቀምጦልኛል፣ እኔ ደደቧ የበር መቀርቀሪያ አደረግኩት! ካሁን ጀምሮ በዚህ ነው የምቆጥረው። አሁን አፍህን ዝጋና ልጨርስ!"

ይህንን የተናገረችው ስድብ በሚናገሩበት ድምፅ ነው። ዱባለ ዱላውን አየ። የጠቆሩትን ጭረቶች በዓይኑ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ከዚያም ወደ ማሳው ዞረ። ውሃው በድንቹ አበባ ሥር እያብረቀረቀ ይሄዳል።

"በግራ በኩል ያለው መደብ አልደረሰውም" አለ። "ዕውር ነሽ እንዴ?"