የኬሚስትሪ ላብና የሐዋ መኪና

አትላንታ ውስጥ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማሪ አማካሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት ሽበታም አሜሪካዊት የዩኒቨርሲቲ የኮርስ ካታሎግ እጄ ላይ አስቀመጡና «ከመጨረሻው ጀምር» አሉኝ። «ተማሪው የሚገባበትን ሜጀር፣ የሚመረቅበትን ትምህርት፣ ያዝና ወደ ኋላ ቁጠር። ሁለት ዓመት እዚህ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገር አንድም ኮርስ ሜዳ ላይ እንዳይቀርበት።»

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ምክሩን ሸመደድኩት፤ ብዙ ልጅም አሻግሬበታለሁ።

አንድ ቀን ዘይነባ የምትባል፣ ከከተማው ዳር ከስኮትዴል የምትመላለስ የሐበሻ ልጅ መጣች። ፋርማሲስት መሆን ነው የምትፈልገው። የወሰደቻቸውን ኮርሶች ሳይ ታሪክ አለ፣ ሶሲዮሎጂ አለ፣ ቢዝነስ አለ። ኬሚስትሪ የለም።

«ጋሼ፣ ክሬዲቱ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ያደርጋል አይደል?»

«ያደርጋል። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ይቀበልሻል፤ ሜጀርሽ ግን አይቀበልሽም። በዚህ ሴሚስተር ኬሚስትሪ አንድን ካልጀመርሽ ዓመት ይቃጠልብሻል። ለምን አልወሰድሽም?»

«ሐዋ አልወሰደችማ!»

ሐዋ ጎረቤቷ ናት። እሷ፣ ሐዋና ሌላ አንዲት የሰፈራቸው ልጅ ሦስት ሆነው በሐዋ አሮጌ መኪና ጠዋት አብረው ይመጣሉ፣ ቀትር ላይ አብረው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሦስቱም አንድ ዓይነት ኮርስ ይወስዳሉ። ሜጀር የሚመርጥላቸው መኪናው ነበር። የኬሚስትሪ ላብ፣ የቤተ ሙከራው ክፍለ ጊዜ፣ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መዘገብኳትና በራሴ ሥራ ረክቼ ዋልኩ።

በሳምንቱ አባቷን አስከትላ መጣች። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ።

«ልጆቹን በተኑብኝ እኮ» አሉ ሳይቀመጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ልጅዎ ፋርማሲስት መሆን ትፈልጋለች።»

«ትሁን! አላህ ያሳካላት፣ እኔ እንቢ አልኩ? ግን ከሰዓት ማን ይመልሳታል? እኔ መንገድ ላይ ነኝ። አውቶቡሱ እንደሁ ደጃችን አይደርስ። ሐዋን በየሳምንቱ ጠብቂያት ማለት ደግሞ ነውር ነው።»

የሁለት ዓመት ፕላን ስሠራ ወደ ቤት መመለሻውን አላሰብኩትም።

«በቃ ኬሚስትሪውን ድሮፕ ላድርገው፣ ልተወው» አለች ዘይነባ። እንባዋ መጥቷል።

ሐዋ ኮሪደሩ ላይ ቁልፏን ይዛ ትጠብቃለች። ጠራኋትና «ከሰዓት ብትቆዪ ምን ይጎድልብሻል?» አልኳት።

«እኔ? ኧረ የኔም አካውንቲንግ ከሰዓት ነው ያለው! እነሱን አላስጠብቅም ብዬ እኮ ነው የተውኩት።»

ጋሽ ሰይድ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። «ሱብሃነላህ! እናንተስ በይሉኝታ ልታልቁ ነው!»

ሦስተኛዋ ከመኪናው ተጠራች። «እኔ እንደሁ ቤት ገብቼ ቲቪ ነው የማየው፤ ብጠብቃቸው ምን አለበት?» አለች። ያን ቀን ሦስቱንም ፊቴ አስቀምጬ፣ ለሦስት ሜጀርና ለአንድ መኪና የሚሆን ፕላን ሠራሁ።

ዘይነባ ዛሬ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ውስጥ ፋርማሲስት ናት።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቦታዬ ለገባችሁ የምለው ይህን ነው፦ ከመጨረሻው ጀምሩ፣ ኃላፊዬ ልክ ነበሩ። ካታሎጉን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ልጁን በምን እንደመጣና ከማን ጋር እንደሚመለስ ጠይቁት።