በወይራ ጭስ የታጠነ ሻይ ፍለጋ፦ ከደሴ እስከ ቆቦ ሜዳ

ደሴ፣ ሊነጋጋ ሲል

መናኸሪያው ገና በጉም እንደተሸፈነ ነው። ረዳቶቹ «ወልድያ! ወልድያ!» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ቆሜ ወደ ቤቴ የሚመልሰኝ ጥሩ ምክንያት እፈልጋለሁ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ እኔ ፈሪ ነኝ። ድልድይ ያስፈራኛል፣ አሳንሰር ያስፈራኛል፣ ከመሸ የሚደወል ስልክ ያስፈራኛል። ልጅ ሳለሁ «ፈሪ ለእናቱ» ይሉኝ ነበር፤ እውነትም እናቴ በእኔ የተነሳ አንድ ቀን ክፉ ወሬ ሰምታ አታውቅም።

ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው ሰው «ሰላም ነው ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ በማይወጣበት መንገድ የምሄደው? ሻይ ነዋ። ሳሎኔ ውስጥ ያለው መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ የተሞላ ነው። የሄሉ፣ የቀረፋው፣ የቅርንፉዱ፣ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር የደረቀው፣ የደጋ ጦስኝ የገባበት፣ የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ያመጣችልኝ ባለ ጽጌረዳው። አፈላለሁ፣ አሸታለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ «የሰው ሚስት ወርቅ ትሰበስባለች» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት የቆቦ ልጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ በወረቀት የጠቀለለች ቁንጥር ሻይ ቅጠል ሰጠችኝ። ሳፈላው ቤቱ ዝናብ የነካው እንጨት የተቀጣጠለበት መሰለ። ጭሱ ከአፍ ሲጠፋ ደግሞ ስኳር ሳይነካው ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣፋጭ ነገር አለው። እንዲህ ያለ ሻይ ቀምሼ አላውቅም። «ወተት የሚቀመጥበትን ቅል በወይራ ጭስ ያጥኑና ሻይ ቅጠሉን ከድነው ያከርሙበታል። እማማ ሉባባ የሚባሉ ሴት ናቸው የሚሠሩት፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ» አለችኝ። ለእኔ የቀረ ነገር ቢኖር መሄድ ብቻ ነበር።

መርሳ፣ ረፋድ ላይ

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ጠግቤያለሁ» አልኳት። ጠግቤ አልነበረም። ሳቀችና «አውቄብሻለሁ። እኔም ብሆን ያንቺን አልቀበልም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ የዘመዷን ታሪክ ነገረችኝ። መኪና ውስጥ አንድ መልካም የሚመስል ሰው ጁስ ጋብዞት ጠጣ፤ ሲነቃ ስልኩም ገንዘቡም ጫማውም የለም። «ጫማውን ሳይቀር» እያለች ደጋገመችው። ታሪኩን ጨርሳ ቆሎዋን እየቆረጠመች ተኛች፤ እኔ ግን ዓይኔ ፈጠጠ።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት ለእማማ ሉባባ ስጦታ የያዝኩትን የጦስኝ ሻይ ቆርቆሮ አገኘ። ክዳኑን ከፍቶ አየው፣ አየኝ። «ምንድን ነው ይሄ ቅጠል?» አለ። «ሻይ... ሻይ ነው፣ ያሽትቱት» አልኩት። አሸተተውና «ጉንፋን ይዞኛል፣ ምንም አይሸተኝም» ብሎ መለሰልኝ። መኪናው ውስጥ ተመልሼ ቆርቆሮውን ከቦርሳዬ ታች ቀበርኩት።

ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ

ከወልድያ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ጉዞው ቀጠለ። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ጎብዬ ገበያ ነው፤ በግ የሚጎትት፣ በርበሬ የተሸከመ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ለስላሳ ይዞ የተቀመጠ። ሮቢት ላይ ፓፓያ በመስኮት ይዘረጋሉ። ከዚያ ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ በመስኖ የለማ አረንጓዴ ሽንኩርት፣ ከሁሉም ወዲያ ሰማያዊ ተራራ። ያምራል። ባልፈራ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር።

ቆቦ አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት አስናቀች ትባላለች፤ የእኔ እኩያ ጎልማሳ ናት። ዝንጅብል የገባበት ሻይ አቀረበችልኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ብርጭቆ መወልወሏን አቆመች።

«እማማ ሉባባ ጋ? ሰው እኮ እዚያ መጠጣት ትቷል» አለች።

«ለምን?»

«ሽንኩርት ሊጭን የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ሻያቸውን ጠጥቶ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። ቢጠሩት፣ ቢወዘውዙት፣ ውሃ ቢረጩበት አልነቃም። የተለቀመው ሽንኩርት ሜዳ ላይ ፀሐይ መታው።»

«ሞተ?»

«ኧረ በማግስቱ ነቃ። ግን ሰው ዝም ይላል? አንድ ነገር ጨምረውበት ነው አሉ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ሲቀዱ እንደ ጠላ ቀጂ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ይቀምሳሉ። ከሄድሽ አይቀር እጃቸውን እዪ። ካልቀመሱ እንዳትጠጪ።»

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። እኔ የጨመርኩበት ፍርሃት ነው። በሩን ቆልፌ፣ ወንበር አስደግፌበት፣ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ያን ጭስ አንድ ጊዜ ባላሸተው ኖሮ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደሴ እመለስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሜዳው

የባጃጁ ሹፌር ሰይድ ይባላል፤ ወሬ የማያልቅበት፣ የሁለት ልጆች አባት። ከአስፋልቱ ወጥተን አቧራማውን መንገድ ስንይዝ ከፊትም ከኋላም ሰው አይታይም። «ሩቅ ነው?» እለዋለሁ። «አብሽሪ እታለም፣ ደረስን» ይለኛል። ትንሽ ቆይቼ እደግመዋለሁ፤ እሱም «አብሽሪ» ይላል። ግመል የሚነዱ ሰዎች አልፈውን ሲሄዱ እንኳን ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እነሱ ዞረውም አላዩኝ።

«አንተስ ትጠጣለህ እሳቸው ጋ?» አልኩት።

«ድሮ ነበር» አለና ዝም አለ። ወሬ የማያልቅበት ሰው ዝም ሲል ደስ አይልም።

የእማማ ሉባባ ቤት መንገዱ ዳር ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊት ለፊቱ የሳር ዳስ፣ ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው፤ አቧራ ተኝቶባቸዋል። ሰይድ አውርዶኝ «ለሽንኩርቱ መስኖ ፓምፕ ናፍጣ አድርሼ እመለሳለሁ» አለና ሄደ። የባጃጁ ድምፅ እየራቀ ጠፋ።

በዳሱ ውስጥ

እማማ ሉባባ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ደጋግመው ሳሙኝ። «ለሻይ ብለሽ ከደሴ ድረስ? ያረቢ! ነይ፣ ነይ የኔ ዓለም፣ ግቢ» እያሉ አግዳሚውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ቅሉን አመጡት። ውስጡ ጠቁሯል። የወይራ ፍም አስገብተው እንዴት እንደሚያጥኑት፣ ጭሱ ሳይወጣ እንዴት ቶሎ እንደሚከድኑት፣ ቅሉ ጭሱን ሲጠግብ ፍሙን አራግፈው ቅጠሉን እንደሚጨምሩበት አሳዩኝ። ሳሸተው ለአፍታ ፍርሃቴን ረሳሁት። ይህንን ነው የፈለግሁት! ውሃው ፈላ፣ ቅጠሉ ገባ፣ ቀይ ሻይ በብርጭቆ ሞልቶ ፊቴ ተቀመጠ።

እማማ ሉባባም ተቀመጡ። እጃቸውን አየሁ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። መዳፋቸው ደረቅ ነው።

አልቀመሱም።

ብርጭቆውን አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት። «በጣም ይፋጃል» አልኩ። «ይቀዝቅዝልሽ» አሉ። ነፋስ የዳሱን ሳር ያንኮሻኩሻል። ከሩቅ የውሃ ፓምፕ ይሰማል እንጂ ሰው የሚባል የለም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። በመኪናው ውስጥ ታሪኩን የሰማሁት ሰውዬ፣ ጫማው ሳይቀር የተወሰደበት፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«እርስዎስ አይጠጡም?» አልኳቸው።

«እኔ ጾመኛ ነኝ። ታምሜ ከረመዳን ያጎደልኩት አለብኝ፤ ዛሬ የጎደለውን ልተካ ቀዷ ይዣለሁ።»

ፈሪ ልብ ክፉ ነው። ጾም መሆኑን በምን አውቃለሁ አልኩ በሆዴ። ዛሬን መርጠው ነው ወይ? ብርጭቆውን በጣቴ እያዞርኩ ወደ መንገዱ አየሁ። እማማ ሉባባም ጣቴን አዩት፣ ዓይኔን አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ።

«ወሬውን ሰምተሻል» አሉ።

ብርጭቆውን ማዞር አቆምኩ።

«ያ ልጅ ስንት ሌሊት ሲነዳ ያደረ ነው። ሲመጣም ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ተኛ አልኩት፣ ሻይ ስጪኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። እንኳን የእኔ ሻይ፣ ምን ቢሰጡት ይነቃ ነበር?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከዚያ ወዲህ ይኸው አግዳሚዬ። ጎረቤት እንኳ ሰላምታ ሰጥቶኝ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አስተኚ ተባልኩ።»

የባጃጁ ድምፅ ከማሽላው ወዲያ ተሰማ። ሁለታችንም ሰማነው። እማማ ሉባባ ወደ ብርጭቆዬ አዩ፤ ጢም እንዳለ ነው።

«ሰይድ ሞልቶ ካገኘው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆቦ ይሰማል። ለሻዩ ብላ ከደሴ የመጣችው እንኳ አልጠጣችም ይባላል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመጣልኛል?»

ብድግ አሉ። ከማንቆርቆሪያው ግራ መዳፋቸው ላይ ሻይ አፈሰሱ፤ የሚፋጅ ነው፣ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉና ወደ አፋቸው ወሰዱት። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። እሳቸውም እንደ እኔ ፈርተዋል፤ የፈሩት ግን ሰው ሳይሆን ፈጣሪያቸውን ነው።

እንዴት እንደሆነ ለራሴም አላውቅም። ብርጭቆውን አነሳሁና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። እሳት ነው። ምላሴ፣ ላንቃዬ፣ ጉሮሮዬ ነደደ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ይተዉት!» ስላቸው እጃቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ነበር። ሻዩን መሬት ላይ አፈሰሱት። እርጥብ መዳፋቸውን ሻሻቸው ላይ ጠርገው እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ምላሴ ተቃጥሏል። ምንም አልቀመስኩም» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የልቤን አመታት እያዳመጥኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸውን ካመንኩም በኋላ ሆዴ አላመነም።

ሰይድ ዳሱ በር ላይ ቆመ። ባዶውን ብርጭቆ አየ፣ እኔን አየ፣ እማማ ሉባባን አየ። ራሱን አከከ። «እማማ፣ ለእኔም ቅጂልኝ እስቲ» አለ። መዳፋቸውን ሳያይ ተቀብሎ እፍ እፍ እያለ ጠጣው። እማማ ሉባባ ለመንገዴ ሻይ ቅጠሉን በላስቲክ ቋጠሩልኝ፤ የጦስኙን ቆርቆሮ ስሰጣቸው ክዳኑን ከፍተው እያሸተቱ ሸኙን።

ቆቦ መናኸሪያ፣ ከቀትር በፊት

ስንመለስ ሰይድ ባጃጁን በዝግታ ነዳ። አስፋልቱ ሲታይ «ያን ወሬ ከተማ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አለ። «አልዋሸሁም እታለም፣ ያየሁትን ነው ያወራሁት። ሰውዬው ተኝቶ ነበር። የቀረውን የጨመሩት ሌሎች ናቸው።»

መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ሹፌሮች ጥላ ስር ተሰብስበዋል። ከባጃጁ ሳልወርድ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማማ ሉባባ ጋ ሻይ ጠጥተን መጣን። እሷም እኔም» አላቸው። ወሬው ቆመ። ሰይድን አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው፣ እንግዳዋን። ፊቴን፣ ዓይኔን፣ እግሬን አዩ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ፀሐዩ አናቴን ይጠብሰኛል፣ ሽፋሽፍቴ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ሻዩ ይሁን፣ ድካሙ ይሁን፣ ፍርሃቱ ይሁን እኔ ራሴ አላውቅም፤ እነሱ ደግሞ ሊጠይቁኝ አይደለም፣ ሊያዩኝ ብቻ ነው። አንዱ ወንበር አመጣልኝ። «ቁጭ በይ እንጂ እታለም፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይቆያል» አለኝ። ከተቀመጥኩ እደገፋለሁ፣ ከተደገፍኩ ዓይኔ ይከደናል። እዚያ ሜዳ ላይ ያለው የእማማ ሉባባ ባዶ አግዳሚ ፊቴ ላይ መጣ።

«መቆም ይመቸኛል» አልኩት። ማዛጋት ሲመጣብኝ ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ ሁሉም እያዩኝ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።