በርሜሎቼን የወሰደው አልጌ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ቀልድ አይደለም። የካ ባለው ግቢያችን ሦስት ነበሩን፤ ሦስቱንም ባለቤቴ ወሰዳቸው። ዕድሜ ልኩን የናፍጣ ሞተር ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት ከአልጌ ነዳጅ ካልሠራሁ አለ። አልጌ ማለት ያው ውሃ ሲሰነብት የሚይዘው አረንጓዴ ነገር ነው። እኔ ስፈገፍገው የኖርኩትን እሱ ፀሐይ ላይ ያሳድገው ጀመር። በልመና ውሃ ልብስ አጥባለሁ፣ እሱ በርሜሉን በዱላ ያማስላል። ጥላዬ ውሃው ላይ ካረፈ እንኳ "ፀሐይ ከለከልሽው" ብሎ ይቆጣኛል።

ወራት ለፍቶ፣ አድርቆ፣ ጨምቆ፣ ከኬሚካል ጋር አዋህዶ ያገኘው አንድ ጠርሙስ አይሞላም። ከናፍጣ ቀላቅሎ አሮጌዋ ፒካፕ ውስጥ ጨመረውና ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ዳገቱ ላይ የምትተፋው ጥቁር ጭስ ቀንሶ ነበር፤ ይህን አልክድም። እሱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጭሱን እያየ ሲነዳ ገደል ሊከተን ምንም አልቀረው።

"አየሽ?" አለኝ።

"መንገዱን እይ" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አሳጣኝ። የቀድሞ ባልደረቦቹ "የረግረግ ነዳጅ" እያሉ ይስቁበት ስለነበር፣ ከፋሲካ በኋላ ያንኑ ዳገት ጭኗቸው ሊወጣ ጠራቸው። ለዚያ የሚሆነው አልጌ በርሜሎቹ ውስጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀብር ውለን ስንመለስ፣ ቁልፍ የምንተውላት ጎረቤታችን እጅጌዋን ሰብስባ በር ላይ ጠበቀችን። ፊቷ ሁሉ ደስታ ነው።

"ጋሼ፣ ውሃው ሳይሄድ ደረስኩበት። በርሜሎቹ ሻግተውባችሁ ነበር፤ በሳሙና አሽቼ ሞላኋቸው።"

ከቀብር የተመለሰ ሰው መታጠብ አለበትና ከበርሜሉ በጆግ ቀድታ መጣች። እኔን በጥላዬ የሚቆጣው ሰው እጁን ዘረጋላት። ውሃው እስኪያልቅ ታጠበ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይስጥሽ፣ ደከምሽ" አላት። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ቢለኝ ምን ነበረበት? ደግሞ በዚያው ቅጽበት አንጀቴን በላው፤ ይህም አናደደኝ።

ማታ እንግዶቹን ማን ያስቀራቸው ብዬ ጠየቅኩት።

"አንቺ ደውዪ። ውሃ መጣ በያቸው።"

ደወልኩ። የመጀመሪያው ሰው ሳቁን ሳይጨርስ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።