ቧንቧው በማን በኩል ይቁም

ሐርጌሳ ውስጥ መኪና ስነዳ ከፊት የሚመጣውን የምታየው ሚስቴ ነበረች። ነገሩ ለማያውቅ ሰው ግር ይላል፤ እኔንም እስካሁን ግር እንዳለኝ ነው። እዚህ እንደኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። መኪኖቹ ግን አብዛኞቹ ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸውና መሪያቸውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ይሆናል። ከፊቴ የጭነት መኪና ካለ ለእኔ የሚታየኝ የእሱ የኋላ በርና ዳር ዳሩን የሚሄዱ ፍየሎች ብቻ ናቸው። ለመቅደም በግራ የተቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። ሚስቴ አንገቷን ወደ መስኮቱ ሰገግ አድርጋ "ቆይ፣ ቆይ" ትላለች። "ሂድ!" ስትል ነዳጁን እረግጣለሁ። አንድም ቀን "እርግጠኛ ነሽ?" ብያት አላውቅም። እኔ ማለት በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ለማየት የምመለስ ሰው ነኝ።

ሥራችን አትክልት ማመላለስ ነበር። ከድንበሩ ከዋጃሌ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ጭነን እንመጣና ግማሹን ዋሄን ገበያ ጫፍ ላይ ለተሸካሚዎች እናወርዳለን፤ የቀረውን ጋአን ሊባህና ሼክ ኑር ሰፈሮች ላሉት ትንንሽ ሱቆች እናከፋፍላለን። ሚስቴ ከእኔ ጋር መሥራት ከመጀመሯ በፊት ጋአን ሊባህ ሰው ቤት ለዓመታት ተቀጥራ ስለነበር ሶማልኛዋ እንደ ውሃ ነው። እኔ ከሰላምታና ከስድብ አላልፍም፤ ስድቡንም ቢሆን ሲሰድቡኝ ነው የለመድኩት። ከባለሱቆቹ ጋር የምትከራከረው እሷ፣ ሣጥን የማወርደው እኔ። ፒክአፗ የኛ አይደለችም። ባለቤቷ በስደት ዘመን ጅጅጋ ኖረው አማርኛ የለመዱ አሮጊት ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም "ኤዶ" ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት፤ እኛም እንደዚያው እንላቸዋለን። ኤዶ ሳይቀጥሩኝ በፊት ግንባታ ላይ ብሎኬት ተሸካሚ ነበርኩ። ሞተሩ ከሞተ ወደ ብሎኬቱ እንደምመለስ ስለማውቅ መኪናዋ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ያን ሰሞን ደግሞ ማስነጠስ ብቻ አልነበረም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ጉልበት ይከዳታል፣ ባዶዋን እንኳ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። ኤዶ ሰምተው ኖሮ አስጠሩኝ።

"ይቺ መኪና አቧራ በልታ ልትሞት ነው" አሉኝ። "የእህቴ ልጅ መኪና ላይ አይቻለሁ። ከኮፈኑ ጎን ወጥቶ ጣሪያ ድረስ የሚቆም ጥቁር ቧንቧ። አየሩን ከላይ፣ ከንጹሁ ይስባል። ዝናብ ጥሎ የከተማው ወንዝ ሲሞላም ውሃ ሞተር ውስጥ አይገባም ይላሉ። ይጠቅማል?"

"እኔ እንጃ ኤዶ። ሊጠቅም ይችላል፤ ላይጠቅምም ይችላል።"

"ሾፌሩ አንተ ነህ። ጠይቅና ንገረኝ። አድርጊ ካልከኝ አደርጋለሁ፣ ተይ ካልከኝ እተዋለሁ። ኋላ ሞተሩ ቢበላሽ ግን አንተን ነው የምይዝህ።"

እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አይሰጥም። ለሌላ ሰው ሥልጣን ነው፤ ለእኔ ሕመም ነው።

በዚያው ሳምንት ሚስቴ የራሷን ጥያቄ አመጣች። ጋአን ሊባህ አንድ ሱቅ በር ላይ ድንች እያወረድን ነበር። "እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ነው" አለችኝ፤ ድንቹን እንደያዘች። "እህቴ ኮምቦልቻ አትክልት ቤት ከፍታለች፤ አብረን እንሠራለን። ደክሞኛል። አንተ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?" ቁጣ የለም፣ ለቅሶ የለም። ጥያቄው እንደ ድንቹ ከባድ፣ እንደ ድንቹ ተራ ነበር። እወዳታለሁ፤ ይሄ ግራ አልገባኝም። ግን ከአገሬ የወጣሁት ሥራ አጥቼ ነው፤ ተመልሼ የእህቷ ሱቅ በር ላይ የሚቀመጥ ባል መሆን አስፈራኝ። እሷ የሌለችበት ሐርጌሳም አስፈራኝ። ሁለቱም ስላስፈሩኝ "የመኪናዋ ነገር ይለይለትና እንነጋገራለን" አልኳት። እሷ የቀረውን ድንች አወረደች።

መጀመሪያ የሄድኩት ከድሬዳዋ የመጣው መካኒካችን ጋ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ሳጥኑን ፈታና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ጎንበስ ብሎ አየው። ተሰንጥቋል።

"አቦ ቧንቧውን ተወው!" አለኝ። "ወላሂ እሱ ለፎቶ ነው። አቧራው ፊልትሮውን ሳይነካ በዚህ ስንጥቅ ነው የሚገባው። ጎማውን እቀይርልሃለሁ፣ አንተ ፊልትሮህን በጊዜው ቀይር። አላምን ካልክ የሴት ስቶኪንግ ፊልትሮው ላይ አልብሰው፤ ደቃቁን ይይዝልሃል።"

ስቶኪንጉን ከሚስቴ ለመንኩ። "ለመኪናዋ ጫማም እንግዛላት?" አለችኝ፤ ግን ሰጠችኝ። አለበስኩት። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ጭሱ ባሰ። ስቶኪንጉ አቧራውን አስቀረ፤ አየሩንም አብሮ ያስቀረ መሰለኝ። ወይ ደግሞ አለባበሱን አላወቅኩበትም። አወለቅኩት።

ከዚያ ዋሄን ገባን። መኪናውን ጫፍ ላይ አቁመን፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ መሬት ላይ በከመሩት ዶላርና ሽልንግ መሃል በእግር ተጋፍተን፣ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሰው ጋ ደረስን። ሰውየው እንደ ቀይ ቃሪያ የሚያበራ ሾጣጣ ፊልትሮ አወጣና ሳጥኑን ጥላችሁ ይሄን ብቻ እሰሩ እያለ ብዙ አወራ። ሚስቴ እየተረጎመች "ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍሳል ይላል" አለችኝ።

"አቧራውንስ በይው።"

"አቧራውንም እንደልቡ ይተነፍሰዋል" አለች። ይሄኛውን እሱ ይበለው፣ እሷ ትጨምረው፣ እስከዛሬ አላወቅኩም።

እንደኛው አበሻ የሆነ ውሃ የሚያመላልስ ሾፌር አለ፤ መኪናው ላይ ቧንቧው ተተክሏል። እሱንም አቁሜ ጠየቅኩት። ካስገባሁት ወዲህ ፊልትሮዬ ቶሎ አይቆሽሽም፣ ግሩም ነገር ነው አለኝ። ይሄን ሲነግረኝ የእሱም መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋች ነበር። ታዲያ ወንዙ ሲሞላ ትሻገርበታለህ ስለው "እኔ እብድ ነኝ?" አለኝ። ሁሉም የሚነግረኝ እውነት ይመስለኛል፤ ችግሩ እውነቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ማታ ማታ ሚስቴ ልብሷን ስታጣጥፍ አያታለሁ፤ ታጥቦ የደረቀውን ይሁን ለመሄድ የምትሸክፈውን ለይቼ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። የነገው ፊልትሮ ነበር የሚያሳስበኝ።

መካኒኩ ጋ ተመለስኩ። ጎማውን እየቀየረልኝ ሳለ ስለ ሼክ ኑር መንገድ አነሳሁ፤ መፍቻውን አስቀመጠና ቀና አለ።

"ሼክ ኑር ድረስ ነው እንዴ የምትሄደው? በየቀኑ? እሱማ መንገድ አይደለም፣ ዱቄት ነው። እንግዲያማ ቧንቧው ጥሩ ነው።"

"ተወው፣ ለፎቶ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"አቦ ያኔ የአስፋልት ሰው መስለኸኝ ነው!"

ተናደድኩ። በእሱ ነው፣ በራሴ ነው፣ አላውቅም። እሱ ግን የኔን ንዴት ከቁም ነገር ሳይቆጥር የት እንደሚተከል ያሳየኝ ጀመር። የዚህች ፒክአፕ የአየር ሳጥን በግራ ነው። ስለዚህ ቧንቧው በግራ በኩል ወጥቶ፣ የፊት መስታወቱን ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል። በሚስቴ በኩል ማለት ነው። ወዲያው በግራ ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩና መካኒኩን ምሰሶው ላይ የመጥረጊያ እንጨት ይዘህ ቁም አልኩት። አንገቴን እሷ እንደምታደርገው ሰገግ አደረግኩ። መጥረጊያው ከመንገዱ ላይ ቁራጭ ወሰደ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሞተር ብስክሌት የሚደብቅ ያህል ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንት ቀን ስፈልገው የነበረውን ምክንያት አገኘሁ። ቧንቧው አይገባም። አቧራውም ወንዙም ጭሱም ቀርቶ፣ ሚስቴን ስለሚጋርዳት አይገባም። መካኒኩ መጥረጊያውን እንደያዘ አየኝና "ወላሂ አንተ ሰው ደህና አይደለህም" አለኝ።

ሼክ ኑር የመጨረሻውን ሣጥን ካወረድን በኋላ የመኪናዋ መጫኛ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ውሃ ስትጠጣ ነገርኳት።

"ወስኛለሁ። ቧንቧው አይገባም።"

"ለምን?"

"አንቺን ይጋርድሻል። መንገዱን በደንብ አታዪም።"

የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። የውሃውን ክዳን ቀስ ብላ ዘጋች።

"ይተከል" አለች። "እኔ እዚያ ወንበር ላይ አልኖርም። አንተ ጋራዥ ስትመላለስ መሄዴን ለኤዶ ነግሬያቸዋለሁ።"

"እኔ ሳላውቅ?"

"ነግሬህ ነበር እኮ። ድንች ስናወርድ።" ከዚያ ደግሞ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ "ስለ ቧንቧው ሐርጌሳ ውስጥ ያልጠየቅከው ሰው የለም። እኔ ለጠየቅኩህ ግን መልስ አልሰጠኸኝም" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የሚለው ብዙ ነገር አለ። አትሂጂ ይባላል። አብሬሽ እመጣለሁ ይባላል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን "ታዲያ ይተከል ነው የምትይው?" የሚል ነው። አየችኝ። ከተቀመጠችበት ወርዳ፣ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

እስከ ዋጃሌ ያደረስኳት እኔው ነኝ። ቧንቧው ገና አልተተከለም ነበር። መንገዱን ሙሉ በ"ቆይ"ና በ"ሂድ" ብቻ ነው የተነጋገርነው፤ ድንበሩ ጋ ስንደርስ ሻንጣዋን ተቀብላኝ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተር የማይ መሰልኩ።

አሁን ቧንቧው ቆሟል። መኪናዋ ጭሷ ቀንሷል፤ የቧንቧው ይሁን የጎማው አላወቅኩም። ብቻዬን ስለምነዳ የጭነት መኪና አልቀድምም። ከኋላው ተጣብቄ፣ የሚያስነሳውን አቧራ ከላይም ከታችም እየበላሁ እሄዳለሁ፤ ፊልትሮውም እንደበፊቱ ቶሎ ይቆሽሻል። ኤዶ "ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም?" ሲሉኝ "ጠቅሟል መሰለኝ" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ለሚስቴ ደወልኩላት። የቲማቲም ዋጋ ተጫወትን፣ የእህቷን ልጆች ተጫወትን። ልትዘጋው ስትል እንደምንም ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ልምጣ እንዴ?" አልኳት።

"መካኒኩ ምን አለ?" አለችኝና ከት ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እውነትም ጠይቄው እንደነበር አልነገርኳትም።