የመረቡ ሌላኛው ጫፍ

አጎቴ አሰብ ወደብ በዓሣ አስጋሪ መርከብ ላይ ሲሠሩ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ መርካቶ ገቡ። ጎጃም በረንዳ አጠገብ ገመድና መረብ ይሸጡ ነበር።

መረብ ጠግነው በጨረሱ ቁጥር አንዱን ጫፍ ለእኔ ይሰጡኛል። ሌላውን ራሳቸው ይዘው፣ በሱቁ ደጃፍ፣ በተሸካሚው ግርግር መሃል ጎን ለጎን እየሄድን እንጎትተዋለን። ሁለት መርከቦች አንድ መረብ የሚጎትቱት እንዲህ ነው ይሉኛል።

«ከፍ አርጊው እንጂ! መሬት ከነካ ጭቃ ነው የሚያፍሰው። ዓሣው ያለው መሃል ውኃው ላይ ነው። ከኔ እኩል ሂጂ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው እየሳቀብን ነው።»

«ይሳቅ! እሱን መች ልናጠምድ ወጣን?»

ጋሼ፣ የአርባዎ ተዝካር ካለፈ በኋላ ሱቁን ከፈትኩ። መጨረሻ የጠገኑትን መረብ አንስቼ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ደጃፉ ላይ ወጣሁ። ጋሼ፣ የኔን ጫፍ እንዳሉኝ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። የእርስዎ ግን መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው።