የጆርጂያ ውሾች

ሠንጠረዡን የሠራሁት በደብተሬ መካከለኛ ገጽ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ገጾች ሲዘረጉ ሰፊ ቦታ ይሰጣሉና። ወደ ጎን አራት አገር፦ ሩዋንዳ፣ ኔፓል፣ ቱርክ፣ ጆርጂያ። ወደ ታች አምስት መለኪያ፦ የነሐሴ ዝናብ፣ የተራራው ከፍታ፣ የመንገዱ ዓይነት፣ ምግብ፣ ቪዛ። በቀኝ ጠርዝ ላይ አንድ ጠባብ ዓምድ አስተርፌ «የጓደኛዬ ጥያቄዎች» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ቀኑን እጽፋለሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ነገር በዓምድና በረድፍ ካልተቀመጠልኝ የገባኝ አይመስለኝም።

የምንመርጠው በክረምቱ ዕረፍት ሄደን የተራራ ብስክሌት የምንነዳበትን አገር ነበር። ብስክሌት ለመንዳት ባሕር ማዶ ድረስ ምን ያስኬዳል ለሚል ሰው በአጭሩ ላስረዳ። የተራራ ብስክሌት ጎማው ወፍራም፣ መሪው ሰፊ ነው፤ የሚነዳውም በአስፋልት ሳይሆን በእግረኛና በከብት መንገድ፣ በድንጋይና በዛፍ ሥር ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ደሴ የሚኖር ሰው ዕድለኛ ነው። ከተማችን ደጋ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከሥሯ ሞቅ ያለ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ በመካከላቸው ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት አለ። መኪናው በአስፋልቱ ሲጠማዘዝ እኛ በአቋራጩ እንወርዳለን። ከደሴ ጃኬት ለብሰህ ተነስተህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬቱ ወገብህ ላይ ታስሯል። ነገር ግን አንድን ቁልቁለት ሦስት ዓመት ከወረድከው በኋላ ለድንጋዮቹ ስም ማውጣት ትጀምራለህ። ያን ጊዜ ሌላ ተራራ ያምርሃል።

ጓደኛዬን ያገኘሁትም ሐረጎ ላይ ነው። የብስክሌቴ ካቴና ተበጥሶ መሬት ተቀምጬ ስታገል ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ ከቦርሳው ማያያዣ አውጥቶ ወዲያው ገጠመልኝ። ከዚያ «መምህር ነህ አይደል?» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው «ለካቴናው ስታስረዳው ሰማሁህ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «መምህር» ነው የሚለኝ። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ቤተሰቡ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቅድመ አያቱ ከየመን መጥተው እዚሁ ነግደው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ተቀብረዋል። እሱም በሳምንቱ ቀናት የአባቱ ሱቅ ውስጥ ይውላል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የብስክሌት ነበር፤ እሑድ እኔ ቸርች አለኝ።

የወረድን ቀን ሁሉ ማረፊያችን የእናቴ ቤት ነው፤ እሷ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ስለሚለያይ ለእሱ ስትል ቅዳሜ ሥጋ አታበስልም፤ ምስር ትሠራለች። እኔ ጓሮ ብስክሌቶቹን በጀሪካን ውሃ ሳጥብ እሱ ቤት ውስጥ ያጫውታታል፤ ሳቃቸው እስከ ጓሮ ይሰማል። ከዚያ ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ወደ ደሴ እንመለሳለን። ሳቋን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ብርቅ ነው። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ብሎ ነበር ከአገር የወጣው፤ ስምንት ዓመት ሆነው። ደህና ነው፣ አግብቷል፣ እሑድ እሑድ ይደውላል።

ለጉዞው ሁለት ዓመት እቁብ ጣልን። ገንዘቡ ሲሞላ የቀረው አገሩን መምረጥ ብቻ ስለነበር ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ የእሱ ድርሻ መጠየቅ ሆነ። ሩዋንዳን ሳነሳ «ባሕር ሳልሻገር ባሕር ማዶ ሄድኩ ብዬ ለማን ላውራ?» አለ። ኔፓልን ሳነሳ በነሐሴ እዚያም ክረምት መሆኑን ነገረኝ። አጣራሁ፤ እውነቱን ነው። ከደሴ ጭቃ ወጥተን ሌላ ጭቃ ልንገባ ነበር። ቱርክ ላይ ሠንጠረዡ ሁሉ ተስማምቶ እያለ፣ «ቱርክ ከሄድኩ አባቴ የጨርቅ ናሙና ያሸክመኛል። አንተ ተራራ ስትወርድ እኔ ከመጋዘን መጋዘን ስዞር ልከርም?» ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅኩ ቱርክን ሰረዝኩ።

ጆርጂያ ቀረች። እዚያ ብስክሌተኞችን በቡድን ተራራ ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ተጻጽፌ፣ የነሐሴ ቡድናቸው ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያዙልን። ቅጹን ሞልቶ መላክ ብቻ ነበር የቀረን። ጓደኛዬ ግን ጥያቄ አላለቀበትም። ሥጋውስ እንዴት ይሆንለታል? አንድ ሳምንት አንብቤ፣ ቦሎቄ የተሞላ ዳቦና አይብ በየመንደሩ እንዳለ አስረዳሁት። ብርዱስ? ሌላ ሳምንት። ብስክሌቱ አውሮፕላን ላይ ሲጫን ቢሰበርስ? በምን ካርቶን፣ እንዴት ተፈታቶ እንደሚታሸግ ሥዕል ሠርቼ አሳየሁት።

አልሰለቸኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። የሚጠይቅ ሰው እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ይህን ድክመቴን ያውቃሉ። ድንገተኛ ፈተና ይዤ የገባሁ ቀን አንዱ እጁን ያወጣና ከትምህርቱ አንድ ነገር እንዳልገባው ይናገራል። እኔ ጠመኔ አንስቼ ሳብራራ ደወሉ ይደወላል፤ ፈተናው ለሌላ ቀን ያድራል። ይህን ለጓደኛዬ ነግሬው አብረን ስቀናል።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬ የአጎት ልጅ የጋብቻ ውል የሚያስርበት ኒካ ስለነበረ ብቻዬን ወረድኩ። እናቴ ምስሩን እያቀረበች፣ እንደ ዋዛ፣ የጆርጂያ እረኞች ውሾች እንደሚያስፈሩ ነገረችኝ። ጥጃ የሚያካክሉ ናቸው፣ ብስክሌት ሲያዩ ያባርራሉ አለች። ውሾቹን እኔ አላውቃቸውም ነበር። ቴሌቪዥን ላይ አይታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ውሾቹ ሲመጡ ከብስክሌት ወርዶ ቀስ ብሎ መራመድ እንደሚሻልም ተምሬ ማስታወሻ ያዝኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐረጎ አናት ላይ ጓደኛዬ የራስ ቁሩን እያሰረ «ስማ መምህር» አለኝ፤ «አንድ ነገር አሳስቦኛል። እረኞቹ ውሾች አሏቸው አሉ። ጥጃ የሚያካክሉ።»

ፍሬን እየለቀቅኩ ወረድኩ። እንዲያ ወርጄ አላውቅም፤ ከኋላዬ «ቀስ!» ሲል ይሰማኛል። የኮምቦልቻ የፋብሪካ ጣሪያዎችና የቦርከና ወንዝ የሚታዩበት ኩርባ ላይ ቆምኩ። ደርሶ አጠገቤ አቆመ።

«ውሾቹን ለእናቴ መቼ ነገርካት?» አልኩት።

በጫማው ጫፍ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያሽከረክር ጀመር። በመጨረሻ «ከኒካው በፊት» አለ። «ደውለውልኝ ነበር።»

«አንተ ጋ ትደውላለች?»

«ሁልጊዜ ይደውላሉ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ያለፈው ዓመት ዒድ ላይ እናቴ ቤተሰቡን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ቧንቧ ውሃ ድረስ ወጥታ ነበር፤ ያንን አውቃለሁ፣ ስትመለስ ሚኒባስ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። የማላውቀው ልትሰናበት ስትል የሆነውን ነው።

«አደራ አሉኝ» አለ። «እናቴ ፊት፣ እጄን ይዘው። አንዱን ባሕር ማዶ በልቶብኛል፣ ይህን አንተ ያዝልኝ አሉኝ። ምን ልበል? ወላሂ አይሄድም ብዬ ማልኩላቸው።»

«ለእኔ ለምን አትነግረኝም?»

«ብነግርህ ብቻህን ትሄድ ነበራ።»

«እና ዓመት ሙሉ ስታለፋኝ?»

«በምን ልያዝህ? በገመድ?» አለና ሊስቅ ሞከረ። «አንተ እኮ ጥያቄ ከቀረበልህ ከተቀመጥክበት አትነሳም። ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

ጠመኔ ይዤ የቆምኩባቸው ክፍለ ጊዜያት ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አንተስ መሄድ አትፈልግም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እፈልግ ነበር» አለ። «ወላሂ እፈልግ ነበር።»

የመጀመሪያዋን ወላሂ ማመን አላቃተኝም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሠራ በደብተሬ ላይ ከነቀኗ መዝግቤያታለሁ። ሁለተኛዋን ምን እንደማደርጋት አላወቅኩም። «አብሽር፣ ይበርድልሃል» ብሎ ትከሻዬን ሊነካ ሲል ራቅ አልኩ። እሱ ሚኒባስ ለመያዝ ብስክሌቱን ወደ አስፋልቱ ገፋ፤ እኔ ቁልቁል ቀጠልኩ።

እናቴ ሁለት ሳህን አቅርባ ጠበቀችኝ። ብቻዬን ስገባ በሩን ትንሽ አየችና ሁሉንም እንደሰማሁ ገባት፤ አንዱን ሳህን አነሳች። መንገድ ላይ ንግግሬን በሦስት ክፍል አዘጋጅቼው ነበር፤ ትዝ ያለኝ የመጨረሻው ብቻ ሆነ። ለምን እኔን ራሴን አልጠየቅሽኝም፣ ተመልሼ እመጣለሁ እልሽ ነበር አልኳት።

«ትለኝ ነበር» አለች። «አዎን ትለኝ ነበር። ወንድምህም አዎን ነው ያለኝ።»

ይህን የማያውቅ ሰው እንዲረዳኝ፦ እኛ ቤት መሐላ የለም። አዎን ካልክ አዎን፣ አይደለም ካልክ አይደለም፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ከክፉው ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ የለመድኩትን «ወላሂ» ቤት ይዤ ገብቼ በእሷው እጅ ተቆንጥጫለሁ።

«ታዲያ መሐላ ከሰው ቤት ተበደርሽ?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «ያ ልጅ ወላሂ ሲል ፊቱ ይለወጣል» አለች። «እናንተ አዎን ስትሉ ምንም አይለወጥም።»

ምስሩን ሳልነካው ወጣሁ።

ማታ ደብተሩን ዘርግቼ ያንን ጠባብ ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቀኖቹን ስለጻፍኩ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ውሳኔ ላይ በደረስኩ ቁጥር በዚያው ሳምንት አንድ ጥያቄ አለ። ከሁሉ ያቃጠለኝ የጥያቄዎቹ ጥሩነት ነው። ለፍቶባቸዋል፤ አንብቧል። ስለ ጆርጂያ ከእኔ ያላነሰ ሳያውቅ አይቀርም።

አደራ በላ የሚባል ሰው በአገራችን የተናቀ ነው። ጓደኛዬ አደራ አልበላም፤ ስለዚህ ለማን እከሰዋለሁ? የእናቴን አደራ ለመጠበቅ የበላው የእኔን ዓመት ነው፤ ያንን ዓመት ጠብቅልኝ ብሎ እጁን የያዘው ሰው ስላልነበረ ማንም አይጠይቀውም። ተታለልኩ ብዬ ለመምህራን ባልደረቦቼ ብነግራቸው እናትህን አክብሮ ነው ብለው እሱን እንደሚያመሰግኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም።

ማክሰኞ መልእክት ላከልኝ። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ከፈትኩት። «ብቻህን ከሆንክ፣ ተራራው መሀል ካቴናህ ቢበጠስስ?» ይላል። መሐላውን አሁንም እየጠበቀ ነበር። ትርፍ ማያያዣ እንደምይዝ፣ መግጠሙንም ከእሱ እንደተማርኩ፣ ቡድኑም መካኒክ እንዳለው መጻፍ ጀመርኩ። ስምንት መስመር ያህል ከጻፍኩ በኋላ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝና ሁሉንም አጠፋሁት። ያልመለስኩት የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው።

የግንቦት የመጨረሻ ቀን በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ቅጹን በስልኬ ሞላሁ። «ሁለት» የሚለውን «አንድ» አደረግኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ዓይነት፣ ስንት ዓመት እንደነዳሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው ስልክ ይጠይቃል፤ ባዶ ትቼው ላልፍ ብል ቅጹ በቀይ ጽሑፍ መለሰኝ።

የእናቴን ቁጥር ጀመርኩና ተውኩት። ክፉ ወሬ ከማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በስልክ እንድትሰማ አልፈለግኩም። ወንድሜ ስልክ የሚያነሳው እሑድ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን በዓይኔ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሐረጎን ወርዶ እናቴ ቤት የሚገባ ግን የለም። በቃሌ የማውቀው ሌላ ቁጥር አንድ ነው። ያ ቁጥር ቢደወልለት ሱቁን ዘግቶ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ ወርዶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ ይነግራታል። እንደተቀየምኩትም ይህን አውቃለሁ። ይቅር አላልኩትም፤ ቅዳሜም አልደውልለትም።

ቁጥሩን ጻፍኩ። ከሥሩ «ዝምድና» የሚል ሌላ ሳጥን ነበረ። ያኛው ግዴታ አልነበረም። ባዶውን ትቼ ላክሁት።